ጃርቱን ወደ አማርኛ ስንመልስ

መቸም ስም ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። በአገራችን የልጅ ስም ከዘመኑ፣ ከቤቱ ችግርና ከእናቲቱ ምኞት ይቀዳል። «ማስረሻ» የሚባል ሰው ካጋጠመህ የሚረሳ ነገር እንደ ነበረ ትገምታለህ፤ «ካሳነሽ» ከተባለችም ከእሷ በፊት የጠፋ ነገር አለ። የሳይንስ ሊቃውንት ግን ለዘረ መል ስም ሲያወጡ እንዲህ የሚጨነቁ አይመስልም፤ በተለይ የፍራፍሬ ዝንብ የሚያጠኑት። አንድ ዘረ መል ሲበላሽ በዝንቧ ላይ የሚታየውን ያዩና በታየው ነገር ይጠሩታል። ከነዚህ ዘረ መሎች አንዱ «ክሩፕል» ይባላል፤ በጀርመንኛ «አካለ ስንኩል» እንደ ማለት ነው። ሌላው «ሄጅሆግ» ነው፤ ጃርት።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በዘረ መል ምን ጥልቅ አደረገው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሕክምና ነው የሚያጠናው። ጭንቅላቱና ፊቱ በወጉ ሳይከፈል ለተወለደ ሕፃን ወላጆች የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አዘጋጀና «አንተ ቋንቋ አዋቂ አይደለህ? መልስልኝ» አለኝ። አንድ ገጽ ምን አላት ብዬ ተቀበልኩ። ይኸው ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። የምጽፈው ስለዚያች አንድ ገጽ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዝንቧ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ የሚባሉ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከተማ አንድ ጠባብ ላቦራቶሪ ይጋሩ ነበር። ዝንቦችን በኬሚካል ዘረ መላቸውን እያበላሹ ያረቡና፣ የሚሞቱትን እጮች እየለቀሙ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ማይክሮስኮፑ ለሁለት ሰው የተሠራ ስለ ነበር ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱን እጭ ባንድ ጊዜ ያዩታል፤ ይከራከራሉም። ልብ በሉ፤ የሚመረምሩት የዳነውን ሳይሆን የሞተውን ነው። ጤነኛ የዝንብ እጭ ሆዱ ላይ ጥቃቅን እሾሆች አሉት፤ እነሱም በቀበቶ በቀበቶ ተለይተው የተሰደሩ ናቸው፤ በቀበቶና በቀበቶ መካከል ልሙጥ ቦታ አለ። አንደኛው ዘረ መል ሲበላሽ ግን ልሙጡ ቦታ ይጠፋል፤ እጩም አጥሮና ተኮማትሮ ሙሉ ሆዱ እሾህ ይሆናል። ጃርት መሰላቸው፤ ጃርት አሉት። በ1980 ያሳተሙት ጽሑፍ የእጩን ክፍልፋይ የሚወስኑ 15 ዘረ መሎች ዘርዝሮ አወጣ። በ1995 ከኤድ ልዊስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እኔንም መጀመሪያ ያደናገረኝ እሱ ነው። ዘረ መሉ የተሰየመው በሥራው አይደለም፤ በመጥፋቱ ነው። እሾህ የሚያበቅለው የዘረ መሉ አለመኖር ነው እንጂ ዘረ መሉስ እሾህ ከልካይ ነው። አንድን መምህር በቀረበት ቀን ክፍሉ ውስጥ በተነሣው ረብሻ «አቶ ረብሻ» ብለን እንደ መሰየም ቁጠሩት።

ዝንብ ውስጥ የተገኘው ነገር ከዝንብ ጋር ቢቀር ኖሮ እኔም የራሴን ትምህርት በተማርኩ ነበር። አልቀረም። በ1993 በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚሠሩ የምርምር ቡድኖች ተመሳሳዩን በዶሮ፣ በአይጥና በዓሣ ውስጥ አገኙት፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሦስት ሆኖ። ሁለቱን በእውነተኛ የጃርት ዝርያዎች ጠሯቸው፤ «የበረሃ ጃርት» እና «የሕንድ ጃርት»። ሦስተኛውን ግን ሴጋ የሚባለው ኩባንያ በ1991 ባወጣው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ በሚሮጠው ሰማያዊ ጃርት ስም «ሶኒክ ሄጅሆግ» አሉት። ይህ ሦስተኛው ነው እንግዲህ የሰውን ፊት፣ አንጎልና እጅ የሚቀርጸው። በሰው ላይ የሚገኘው በ7ኛው ክሮሞዞም ጫፍ አካባቢ ሲሆን፣ በ462 አሚኖ አሲዶች የተገጣጠመ ፕሮቲን ያሠራል። (በቅንፍ ላስገባ፦ ሄጅሆግ የሚሉት ትንሹ እንስሳና እኛ በተለምዶ ጃርት የምንለው፣ በላባው እሾህ የሚጫወቱበት ትልቁ እንስሳ ዘመድ እንኳ አይደሉም። ሆኖም አማርኛችን ለሁለቱም የዘረጋው ስም ጃርት ነውና ጃርት ብያለሁ። በበረሃ ከሚኖሩት ትንንሾቹ ጃርቶች አንዱ በላቲን ሳይንሳዊ ስሙ መጨረሻ ላይ «አይትዮፒከስ» የሚል እንዳለበት ሳይ ደግሞ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ።)

ጓደኛዬ «ሶኒክ ሄጅሆግ»ን እንዳለ በፊደላችን ጻፈው አለ። እኔ ደግሞ እናት ፊት ተቀምጠህ «ልጅሽን የገደለው የጨዋታ ጃርት ነው» ልትል ነው ወይ አልኩት። ይህ የኔ ብቻ ጭንቀት እንዳልሆነ በኋላ ነው የደረስኩበት፤ በውጭ አገርም ሐኪሞች ይህን ስም ለወላጅ መናገር እየከበዳቸው በስሙ ላይ ቅሬታ ሲያሰሙ ኖረዋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያስሳቀ ስም ወሊድ ክፍል ሲደርስ አያስቅም። ለዝንብ ሲወጣ ማን አስቦት! በመጨረሻ እኔና ጓደኛዬ «ምልክት ሰጪው ዘረ መል» በሚለው ተስማማን፤ እሱም የራሱን ችግር ይዞ መጣ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ለሰዋስው ተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚጥም ነገር የለምና። የሕዋሱ ቆዳ ላይ «ፓችድ» የሚባል ፕሮቲን ተቀምጧል። የሱ ሥራ «ስሙዝንድ» የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ማገድ ነው። ስሙዝንድ ከታገደ ሕዋሱ ዝም ይላል። ጃርቱ ከሌላ ሕዋስ ተልኮ ይመጣና ፓችድን ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ስሙዝንድ ይፈታል፤ እሱም በተራው «ግሊ» የሚባሉትን ፕሮቲኖች ያስነሣል፤ እነሱም ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብተው ሌሎች ዘረ መሎችን ይቀሰቅሳሉ። እንግዲህ ጃርቱ «ሥራ» ብሎ አያዝም፤ የሚለው «አትከልክል» ነው። የእኛው ቋንቋ አያቶቻችን ፈቃድ ሲሰጡ «ሂድ» ከማለት ይልቅ «አልከለክልህም» እንደሚሉት ነው፤ አፍራሽ ባፍራሽ ላይ ተደርቦ አዎንታ ይሆናል። ከአፍራሾቹ አንዱ ቢወድቅ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። መልእክተኛው ከጠፋ እገዳው አይነሣም። አጋጁ ከጠፋ ደግሞ መልእክተኛ ሳይመጣ ፈቃዱ ለዘለዓለም ክፍት ይሆናል። የመጀመሪያው የፅንስ ነገር ነው፤ ሁለተኛው የነቀርሳ።

ደግሞም ጃርቱ ቃሉን ለሁሉ እኩል አያሰማም። በሽሉ ጀርባ ላይ ከተዘረጋው ዘንግ ይመነጭና እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፤ ቤት ውስጥ እንደ ጤሰ ዕጣን አድርጋችሁ ተመልከቱት። ከማጨሻው አጠገብ የተቀመጠው ሌላ፣ በር ላይ የቆመው ሌላ ይደርሰዋል። ለምንጩ የቀረበው ሕዋስ ብዙ ያሸትና አንድ ነገር ይሆናል፤ ትንሽ ራቅ ያለው ጡንቻ የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ይሆናል፤ ከዚያም የራቀው ሌላ ዓይነት ነርቭ። አንዱ ቃል በመጠኑ ልክ ብዙ ትርጉም አለው ማለት ነው። እጅም እንዲሁ ነው። በሚያቆጠቁጠው የእጅ እንቡጥ ላይ ጃርቱ የሚመነጨው በትንሿ ጣት በኩል ነው፤ አውራ ጣት ብቻዋን ያለ እሱ ትበቅላለች። ለዚህ ዘረ መል «እዚህ ቦታ ላይ ሥራ» የሚለው ማዘዣ ከዘረ መሉ አንድ ሚሊዮን ፊደል ያህል ርቆ፣ በሌላ ዘረ መል ሆድ ውስጥ ተሸጉጦ ይገኛል። እዚያ ሩቅ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ጃርቱ በአውራ ጣት በኩልም ይፈልቅና ትርፍ ጣት ይመጣል። ስድስት ጣት ያለውን ሰው ሁላችንም አይተናል፤ መጽሐፈ ሳሙኤልም በየእጁና በየእግሩ ስድስት ስድስት ጣት ስለ ነበረው የጌት ሰው ይተርካል። (የስድስት ጣት ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ መንገድ አለው። በእኛ አገር አዘውትሮ የሚታየው በትንሿ ጣት በኩል የሚንጠለጠለው ነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። ገጿ የተጻፈችው ለእሱ ነውና።

ሁላችንም በአንድ ወቅት ባለ ሁለት ዓይን አልነበርንም። በሽሉ ጭንቅላት ፊት ላይ መጀመሪያ የሚዘጋጀው አንድ ወጥ የዓይን መስክ ነው፤ መሐል ላይ የተዘረጋ አንድ ማሳ። ከዚያ ከሥሩ የጃርቱ መልእክት ይመጣና መሐሉን «አንተ ዓይን አትሆንም» ይለዋል፤ ማሳው ለሁለት ይከፈላል፤ ግራና ቀኝ ይሄዳል። አንጎልም በዚያው ሰሞን ለሁለት ይከፈላል። ይህ ሁሉ በሰው ላይ የሚሆነው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ነው። እናቲቱ ማርገዟን ገና ሳታውቅ ማለት ነው! መልእክቱ ካልመጣ ማሳው ሳይከፈል ይቀራል። ሆሜር ኦዲሴየስን ዋሻ ውስጥ ያጋጠመው ፖሊፌመስ ባለ አንድ ዓይን ነበረ፤ አንደኛ ዓመት ላይ ስናነበው ግሪኮች ይህን ከየት አመጡት ብለን ነበር። ከማኅፀን አምጥተውት ይሆናል፤ እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ግልገሎችም ሕፃናትም ከጥንት ጀምሮ ነበሩና። በሺንጣ የሚገፋ ግዙፍ አውሬ ያደረጉት ግን ተራኪዎቹ ናቸው፤ እውነተኛው ሕፃን ሲወለድ አንድም በሬሳነት ነው፣ አንድም ከሰዓታት ብዙም አያልፍ።

በዚህ ነገር ላይ ከሁሉ የሚገርመኝ የበጎቹ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ አይዳሆ በሚባለው ክፍለ ሀገር አርቢዎች ተቸገሩ፤ ግልገሎች ባለ አንድ ዓይን እየሆኑ ይወለዳሉ፤ በአንዳንድ መንጋ ከአራቱ አንዱ ድረስ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ዘር ነው፤ የመንጋው ደም ተበላሽቷል ተባለ። የአገሩ ግብርና መሥሪያ ቤት ሊቃውንት ግን ከመንጋው ጋር ተራራ ወጥተው በጎቹ የሚግጡትን ተከታተሉ። ጥፋተኛው ዘር ሳይሆን ሣር ሆኖ ተገኘ፤ «ቬራትረም ካሊፎርኒከም» የሚባል ሰፋፊ ቅጠል ያለው የመስክ ተክል። በጊቱ ከተጠቃች በ14ኛው ቀን ይህን ከበላች ግልገሏ ባለ አንድ ዓይን ይሆናል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ብትበላው ግልገሏ ባለ ሁለት ዓይን ሆኖ ይወለዳል። በ1968 መርዙን ለይተው በዚያው በግሪኩ ፍጡር ስም «ሳይክሎፓሚን» አሉት። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ተቀመጠ። በ1996 ይህ ዘረ መል የጎደላት አይጥ ባለ አንድ ዓይን ሆና ተወለደች፤ በዚያው ዓመት የአንጎል አለመከፈል ባለባቸው ቤተሰቦች ውስጥ የዚሁ ዘረ መል ብልሽት በሰው ላይ ተገኘ። በ1998 ደግሞ የተክሉ መርዝ ይህንኑ መልእክት እንደሚያፍን ታወቀ፤ ቆየት ብሎም ስሙዝንድን የሚይዝ መሆኑ ተረጋገጠ። የዝንቡ፣ የአይጡ፣ የሕፃኑና የበጉ መንገድ አንድ ቦታ ተገናኘ።

አይዳሆዎች ሣሩ ያጠፋውን በዘር አሳበቡ። እኛ ዘንድ የሆነው ግልባጩ ነው።

አክስቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም፣ ገጠር። ስለዚያ ልጅ መጀመሪያ የሰማሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ሴቶች ቡና እያፈሉ ሲያንሾካሹኩ ነው። መሐል ግንባሩ ላይ አንድ ዓይን ነበረው አሉ፤ አፍንጫ አልነበረውም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነፈሰ። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ከጓሮ ተቀበረ። ከዚያ ምክንያት ፍለጋው ተጀመረ። በቀትር ወንዝ ወርዳ ነው፣ ጋኔን ለክፏት ነው አሉ። አምሮቷ ሳይወጣላት ቀርቶ ነው ያለም ነበር። የባልዋ ወገኖች ግን ወደ ባሰው ሄዱ፤ «ዘሯ ነው፤ ቀድሞም ስለ ዘሯ ይወራ ነበር» አሉ። በዓመቱ ፈታት። ሰዎቹ ዘር ያሉት እኔና ጓደኛዬ ዘረ መል የምንለውን አልነበረም፤ ሌላ ነገር ነበር፤ በእኛ አገር «ዘሯ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለቱን ቃላት አንድ ሥር ያስተሳስራቸዋልና ገጿን ስመልስ «ዘረ መል» የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እጄ ይያዛል።

«ምልክት» ያልኳችሁ ችግርም ይኸው ነው። በእንግሊዝኛው ፕሮቲኑ «ምልክት» ይሰጣል፤ ሕዋስ ለሕዋስ የሚልከው መልእክት ነው። በአማርኛ ግን እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ ራሱ ልጁ ነው ምልክት የሚባለው፤ የቁጣ ምልክት፣ የመዓት ምልክት። ላቲኖቹም ከኛ አልተሻሉም፤ ጭራቅ ለሚሉት ነገር የሰጡት ስም «ማስጠንቀቅ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «የምልክቱ ዘረ መል ተበላሽቷል» ብዬ ብጽፍ አንዲት እናት ምን ብላ ታነበዋለች? ስለዚህ «ምልክት»ን ሰርዤ «መልእክት» አደረግሁት። ጓደኛዬ በሳይንሱ በኩል ትክክል አይደለም ብሎ ሦስት ቀን ተከራከረኝ፤ አልለቀቅሁም።

በገጿ ላይ ለማስገባት የታገልንበት ሌላው ነገር የምክንያቱ ብዛት ነው። ይህ የአንጎል አለመከፈል ከ250 ጽንስ በአንዱ ላይ ይደርሳል ይባላል፤ አብዛኛው ግን ሳይወለድ ይጨነግፋል፤ በሕይወት ከሚወለዱት በ10,000 ውስጥ አንድ ገደማ ነው የሚታየው። አንዳንዱ 13ኛው ክሮሞዞም ሦስት ሆኖ በመገኘቱ ይመጣል። የእናቲቱ የስኳር በሽታ ዕድሉን ይጨምራል። የጃርቱ ዘረ መል ከብዙዎቹ አንዱ ነው። በአክስቴ ልጅ ላይ የቱ እንደ ነበረ ጓሮ የተቀበረ ሕፃን አይናገርም። አንድ ነገር ግን አለ። የዘረ መሉ ብልሽት ሲወረስ ከአባትም ከእናትም ሊመጣ ይችላል፤ እኩል ነው። የባልዋ ወገኖች ስለ ዘር ሲያወሩ ከሁለቱ ወገን ከየትኛው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ያንኑ ብልሽት ተሸክሞ ጤነኛ ሆኖ የሚኖር ሰው ደግሞ አለ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ሕፃን በአንድ ሰዓት ይሞታል፤ ያንኑ የተሸከመው አባት ወይም እናት ዓይኖቹ ትንሽ ተቀራርበው፣ ወይም የላይኛው የፊት ጥርሱ ሁለት መሆኑ ቀርቶ መሐል ላይ አንድ ብቻ ሆኖ ይኖራል። አንድ ጥርስ! ይህን ካነበብኩ ወዲህ የቤታችንን አሮጌ ፎቶግራፎች አውጥቼ አንድ ባንድ አይቻለሁ። የኛ ሽማግሌዎች ፎቶ ሲነሡ አፋቸውን አይከፍቱም።

ስለ ነቀርሳው አጠር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሊጻፍበት የሚችል ቢሆንም ገጿ የሱ አይደለችም። ሽሉ ካደገ በኋላ ጃርቱ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ጠጉር፣ ቆዳና የመሳሰለው ሲታደስ ብቻ በልክ ይሠራል። አጋጁ ፓችድ ሲበላሽ ግን፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት፣ መልእክተኛ ሳይመጣ በሩ ክፍት ይቀራል፤ ሕዋሱ «ገና ሽል ነኝ» ብሎ መባዛት ይጀምራል። ፓችድ የተበላሸባቸው ሰዎች ከወጣትነታቸው ጀምሮ በቆዳ ነቀርሳ እንደሚሠቃዩ በ1996 ተደረሰበት፤ ሕመሙን ራሱን ጎርሊንና ጎልትዝ የተባሉ ሐኪሞች በ1960 ገልጸውት ነበር። ሳይወረስም ፀሐይ ያንኑ ዘረ መል ትሰብረዋለች፤ ነጣ ባለው ቆዳ ላይ እጅግ የተለመደው ነቀርሳ መንገዱ ይኸው ነው። በልጆች ላይ ከኋላ አንጎል ከሚነሡት ክፉ ዕጢዎች መካከልም አንዱ ወገን በዚሁ መንገድ ይመጣል። የዚህ መንገድ ፕሮቲኖች አንዱ «ግሊ» ስሙን ያገኘው እንኳ በ1987 ከአንጎል ዕጢ ውስጥ ስለ ተገኘ ነው፤ ስሙ የነቀርሳ ስም ነው። በጤነኛው ሽል ውስጥ የሚሠራው ጨዋ ሠራተኛ ወንጀል ቦታ ላይ በተያዘበት ስም ይጠራል።

አይዳሆ ላይ ግልገል ያጠፋው አሠራር እዚህ ላይ መድኃኒት ሆነ። ስሙዝንድን የሚያፍነው ነገር የተከፈተውን በር ሊዘጋው ይችላልና፣ ሳይክሎፓሚን ያሳየውን መንገድ ተከትለው ሌላ ኬሚካል ሠሩ፤ ቪስሞዴጊብ የተባለው በ2012 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለቀዶ ጥገና የማይመች የቆዳ ነቀርሳ ሲሟሽሽ ታየ። ታዲያ መድኃኒቱ የሽልን ቃል ስለሚያፍን ነፍሰ ጡር እንዳትነካው በጥብቅ ይከለከላል። በሽተኛው ጠጉሩ ይሳሳል፤ የምግብ ጣዕም ይጠፋበታል፤ ምላስ ላይ ያለው ጣዕም ለይ ሕዋስ በጃርቱ መልእክት የሚታደስ ነውና። ገና ያልጨረሱ ልጆች ሲወስዱት ደግሞ የአጥንታቸው ማደጊያ ያለ ጊዜው ይዘጋል፤ እዚያ የሚሠራው የሕንድ ጃርት የተባለው ወንድሙ ነው። ዕጢውን ለማቆም ልጁን ማሳጠር። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ መጽሐፉን ዘግቶ ሻይ ልንጠጣ ወጣን።

ገጿን ለዘንድሮው የትንሣኤ ዕረፍት ወደ አገር ቤት ስሄድ ይዣት ሄድኩ። ለአክስቴ ለማንበብ አስቤ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ቡና እየቆላች ነበር። አነበብኩላት። ስለ ሦስተኛው ሳምንት ስደርስ፣ እናቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነገሩ ያልቃል የሚለው ላይ፣ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። መቁያውን አወረደች።

«ወንዝ የወረድኩት ሆዴ ከገፋ በኋላ ነው» አለች።

«አዎ እትዬ።»

«እህ» አለች። ቡናውን ወቀጠች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። «ያ ስህተት ያልከው፣ ፊደሉ ላይ የሚሳተው፣ ካሳነሽ ላይ ሊኖር ይችላል?»

ካሳነሽ ከሁለተኛው ባልዋ የወለደቻት ልጅ ናት፤ እኩያዬ ናት፤ ሠርጓ ለሚመጣው ጥር ተቆርጧል። እንግዲህ ምን ልበል? ነገሩ በድሮው ባል በኩል መጥቶ ከነበረ ካሳነሽን አይነካትም፤ በአክስቴ በኩል ከነበረ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ክሮሞዞም ወይም ሌላ ምክንያት ከነበረም ምንም የለባት ይሆናል። ይህንኑ ነገርኳት። ስለ አንዱ ጥርስም ነገርኳት።

«ጥርሷማ ሁለት ነው» አለች፤ ወዲያውም ወደ ጓዳ ተጣራች፤ «ካሳነሽ! እስቲ ነይ ሳቂልኝ!»

ካሳነሽ እጇ ሊጥ እንደያዘ ብቅ ብላ ግራ ተጋብታ ሳቀች። ሁለት ነበሩ፤ ነጫጭ።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ግንባሩን ቋጠረ። ጥርስ ሙሉ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ምንም ምልክት ሳይታይበት የሚሸከም ሰው አለ፤ ምርመራውም የደም ግፊት እንደ መለካት በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፤ ቢሆንም የዘረ መል ሐኪም ታግኝ፣ ባታገኝም ስታረግዝ ቀድማ በአልትራሳውንድ ትታይ አለ። ትክክል ነው። ለአክስቴ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ ካሳነሽ ራሷ እንድታነበው አድርጌ። ያንኑም በገጿ ግርጌ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመርነው፤ ቦታ አልበቃ ብሎ ጽሑፉ ወደ ጀርባው ተሻገረ።